ከቢጫው መስመር ወዲህ

«እሷ እኮ ለወረቀቱ ናት፤ መስመሩን የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሐብተማርያም በስልክ። ሲምቦ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና ፀጉሯን እያሰረች ነበር። የኒው ሆፕ አፓርትመንት ግድግዳ ስስ ነው፤ የጎረቤት ማይክሮዌቭ ሥራውን ጨርሶ ሲጮኽ እንኳ ይሰማል። ጋሼ ሐብተማርያም ደግሞ በስልክ ሲያወሩ ሰውየው ከወንዝ ማዶ የቆመ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። «ሰርተፊኬት ያለው ሰው ካላመጣችሁ ቦታውን አናከራይም ስላሉ ስሟን ሰጠናቸው፣ አለቀ። እኔ ቆሜ የወንድሜ ሚስት ተነስ ተቀመጥ ልትለኝ ነው? ተው እንጂ ክፍሌ!» ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ይህን ሲምቦም ታውቃለች። ለእሳቸው ነገሩ ዝናብ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርደው ያለ፣ ማንም የማይከራከርበት ጉዳይ ነው። እሷም የመጨረሻዋን የፀጉር መያዣ አስገብታ፣ መስተዋቱ ውስጥ ለአፍታ ራሷን አይታ ወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ባሏ ኢያሱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የወተቱን ካርቶን እንደ ጋዜጣ ያነባል፤ እሱም ሰምቷል። ጋሼ ሐብተማርያም ታላቅ ወንድሙ ናቸው። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጉት፣ ወደዚህ አገር ያስመጡት፣ ሲምቦን ሲያገባም ከሁሉ ቀድመው ቆመው የጨፈሩት እሳቸው ናቸው። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ወጣትነታቸውን በውትድርና፣ ቀሪውን በታክሲ አሳልፈው አሁን ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ናቸው። ሲምቦን ሲያዩ ብድግ ብለው «ደህና አደርሽ ልጄ፣ እንዴት ያለ ቀን ነው የወጣልን!» አሉና ትከሻዋን ሳሙ። ከልባቸው ነበር። እሷም ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አደረገች፣ እሳቸው እንደሚወዱት። ሶፋው ጫፍ ላይ ልጃቸው ሊዲያ ሁለቱንም እግሮቿን አጣጥፋ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት። አባቷ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለቱም እንዲህ ሲነጋገሩ ስለኖሩ ግራ አይገባቸውም።

አባል የሆኑበት የመረዳጃ ማኅበር በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ይዝናናል። እስካለፈው ዓመት ድረስ ሐይቅ ዳር ሄደው ሥጋ ጠብሰው፣ ስለ ፖለቲካ ተጨቃጭቀው፣ ትንኝ በልቷቸው ይመለሱ ነበር። ዘንድሮ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክፍሌ ዋትሳፕ ላይ ድምፅ አሰጠና የተኩስ መለማመጃ ሜዳ አሸነፈ። ለአንድ ሰው ሠላሳ አምስት ዶላር፣ «ሃያ ሁለት» የሚባለው የክለቡ ቀላል ጠመንጃ ጥይት ታስቦ። የራሱን መሣሪያ የሚያመጣ የራሱን ጥይት ይገዛል፤ የሽጉጥ ጥይት አንዱ ፓኮ አሥራ ስምንት ዶላር ገብቷል ብለው ለሁለት ቀን አማረሩ፤ ከዚያ ሁሉም ከፈለ። ሜዳውን የሚያከራየው ክለብ ለቡድን አንድ የሠለጠነ የደኅንነት ኃላፊ ይጠይቃል። ከአሥራ ስድስቱ ሰዎች ይህ ሰርተፊኬት ያላት ሲምቦ ብቻ ነበረች።

ለምን እንደተማረችው ለማኅበሩ ሰዎች ዘርዝራ ነግራ አታውቅም። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ሌሊቶች፣ ልብሱ በሌላ ሰው ደም የተነከረ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ባዶ መስሎኝ ነው» ሲል ሰምታለች። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ነበር የተናገሩት። በሦስተኛው ማግስት ለኮርሱ ተመዘገበች፤ ሦስት ቅዳሜና እሑድ፣ በረዶ እየጠረገች ሄዳ ጨረሰች። ኢያሱ ያኔ «ኦቨርታይም ብትሠሪበት አይሻልም?» ብሏት ነበር።

ከመውጣታቸው በፊት ፓርኪንጉ ውስጥ የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ዕቃውን አየች። የጋሼ ሐብተማርያም ሽጉጥ በትንሽ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ተቆልፏል?»

«ልጄ፣ እኔ መሣሪያ የያዝኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

«አውቃለሁ። ቁልፉን ብቻ ያሳዩኝ።»

ፈገግ ብለው ከፍተው አሳዩዋት። ባዶ ነበር፤ ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቦርሳ። ለሕፃን እንደሚታዘዝ ትልቅ ሰው «ይኸው እሜቴ» አሉ። ከዚያ እንደ ወጉ ከፊት ተቀመጡ፤ ሲምቦና ሊዲያ ከኋላ ሆኑ፤ ኢያሱ አርባ አምስት ደቂቃ ወደ ሰሜን ድራይቭ አደረገ። መንገዱ ላይ ጋሼ ሐብተማርያም ስለ ማሠልጠኛ ጣቢያቸው፣ በአንድ ጥይት ሁለት ጣሳ ስለመቱበት ቀን አወሩ። ኢያሱ ታሪኩን ስለሚያውቀው ሳቁን ከቦታው ቀድሞ ይስቃል። ሲምቦ ጉልበቷ ላይ የያዘችውን ወረቀት ስታነብ ሄደች። የሜዳውን ደንብ ወደ አማርኛ ገልብጣ በእጇ የጻፈችው ነው፤ ለአንዳንዱ ቃል ስታስብ አምሽታበታለች።

ሜዳው በጥድ የተከበበ ገላጣ ቦታ ነው። ከፊት ለፊት እንደ ኮረብታ የተከመረ አፈር፤ እሱ ጥይቱን ይውጣል። ከወዲህ በኩል ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ዳስ፣ ዳሱ ሥር ስምንት ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ ከጠረጴዛዎቹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሚንቶው ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር። ተኳሹ ከመስመሩ ወዲያ፣ ተመልካቹ ወዲህ። ከዳሱ ኋላ ጠጠር የለበሰ የመኪና ማቆሚያና ሁለት የሽርሽር ገበታዎች። ሰዎቹ ቀድመው ደርሰዋል፤ ክፍሌ ምድጃውን እያወረደ ነው፤ መቅሊት፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛዋ፣ ጥይት ገና ሳይተኮስ የጆሮ መከላከያዋን አድርጋ ሰው ሲያናግራት «ምን?» ትላለች። አቶ ኣንዶም አንድ ጥድ ሥር ብቻቸውን ቆመዋል፤ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ፣ አማርኛቸው ከብዙዎቹ የጠራ፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ በካውያ የተተኮሰ። በጦርነቱ ዘመን ከጋሼ ሐብተማርያም በተቃራኒው ወገን ነበሩ። አሁን በየሳምንቱ ዳማ ይጫወታሉ፤ የሚጣሉትም በዳማው ነው።

የክለቡ ሰውዬ፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ አዛውንት፣ ቁልፍና አንድ ትልቅ ቀይ ባንዲራ ይዘው መጥተው ኃላፊው ማነው ብለው ጠየቁ። ጋሼ ሐብተማርያም አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድ አሉ። ሲምቦ ግን ቀድማ እጇን ዘርግታ ነበር። ሰውዬው ቁልፉንም ባንዲራውንም ለእሷ ሰጥተው፣ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ጋሼ ሐብተማርያም የዘረጉትን እግር ምን እንደሚያደርጉት ለአፍታ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አጠበቁ።

ሲምቦ ሁሉንም ጠጠሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። በሥራ ቦታዋ፣ ሰው ሲንጫጫ የምትጠቀምበት ድምፅ አላት፤ ጩኸት አይደለም፣ ግን የሚያልፈው የለም። በዚያ ድምፅ አነበበችላቸው። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ አፈሩ። ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ጣትህ ከምላጩ ውጭ። ከኢላማህ በስተኋላ ምን እንዳለ ሳታውቅ አትተኩስ። «ተኩስ አቁም» የሚል ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ፣ ከማንም፣ የያዝከውን አስቀምጠህ ወደ ኋላ። «አፈሙዙን ከሜዳው ውጭ ያዞረ ሰው ለዛሬ አይተኩስም» ብላ ጨረሰች፤ «ማንም ይሁን ማን።» ከዚያ እያንዳንዱን ሰው አንዳንድ ደንብ መልሶ እንዲነግራት አደረገች። አቶ ኣንዶም የደረሳቸውን እንደ ፊደል ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቃል አሉት፤ ሰው ሳቀ። ጋሼ ሐብተማርያም ስልካቸው ላይ ተደፍተው ነበር፤ «አፈሙዝ ወደ አፈር፣ እሺ» አሉና ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

መጀመሪያ ሃያ ሁለቱ ጠመንጃ ለማያውቁት ሆነ። መቅሊት ጠረጴዛው ፊት ስትቀመጥ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ተሰቅሎ ነበር። ሲምቦ አጠገቧ ተንበርክካ «ትንፋሽሽን አውጪ፣ ጨርሰሽ አትልቀቂው፣ አሁን በቀስታ ሳቢ» አለቻት፤ መርፌ የሚፈራ በሽተኛን የምታባብልበት ቃና ነበር። ጥይቱ ወጣ። መቅሊት ዓይኗን ገልጣ «ሞትኩ?» አለች። አልሞተችም፤ ክቡ ውስጥ አስገብታዋለች። ከቢጫው መስመር በስተኋላ እልልታ ቀለጠ፤ ክፍሌ ሹካውን እንደያዘ ጨፈረ። አምስቱንም ስትጨርስ ወረቀቷን አልሰጥም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቀጥሎ አቶ ኣንዶም ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ አምስት ጊዜ ተኮሱ፣ ጠመንጃውን ከፍተው አስቀመጡ። አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ የሲኒ አፍ ውስጥ ይገባሉ።

«የት ነው የተማሩት?» አለ ኢያሱ።

«ትምህርት ቤት» አሉ አቶ ኣንዶም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ተራው የሽጉጥ ሆነ። ጋሼ ሐብተማርያም ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። አቋቋማቸው የድሮ ወታደር ነው፤ ጀርባቸው ቀጥ አለ፣ ሆዳቸው እንኳ ገባ አለ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሌሎች ሰዎች ይተኩሳሉ። ከኋላቸው፣ ከቢጫው መስመር ወዲህ፣ ክፍሌ፣ አቶ ኣንዶምና ስልኳን ይዛ የምትቀርጽ ሊዲያ ቆመዋል። ሲምቦ ከጋሼ ሐብተማርያም በስተቀኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነበረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተኮሱ፤ ጥሩ ነበር። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከዚያ የጥይት ካዝናውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወዲያው ክፍሌ ከኋላ «ሐብቴ! ወደዚህ ዙር፣ ፎቶ!» ብሎ ጮኸ፤ እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው፣ ሽጉጡን እንደያዙ ዞሩ።

አፈሙዙ እንደ ሰዓት ጣት ዞረ። ሲምቦ «ተኩስ አቁም!» ያለችውን ድምፅ ራሷም ኋላ ነው የሰማችው። እጇ ቀድሞ ሄዷል፤ ሁለቱንም እጆቿን አንጓቸው ላይ አድርጋ ክንዳቸውን ወደ አፈሩ መለሰችው። ግራና ቀኝ ያሉት መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ኋላ ሄዱ። ጋሼ ሐብተማርያም ፊታቸው ቀላ።

«ምን ሆነሻል? ባዶ ነው! ካዝናውን አውጥቼዋለሁ!»

«ጣትዎን ከምላጩ ያውጡ።»

«ባዶ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ጋሼ፣ ጣትዎን።»

አወጡ። ሲምቦ ሽጉጡን ከእጃቸው ተቀብላ፣ አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳደረገች ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበችው። አንድ ጥይት ዘላ ወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች፣ ተንከባላ ባዶው ፓኮ አጠገብ ቆመች። ቢጫ፣ ሙሉ፣ ጫፏ ያልተነካ። ከጥዱ ላይ አንድ ወፍ፣ ተኩሱ ሲቆም ጠብቃ፣ መጮኽ ጀመረች።

አቶ ኣንዶም የጆሮ መከላከያቸውን አወለቁ። «ሐብቴ ወንድሜ፣» አሉ በቀስታ፣ «ያኔ በበረሃ ያላገኘኸኝን ዛሬ ሽርሽር ላይ ልታገኘኝ ነው?» ሌላ ቀን ቢሆን ሁሉም ይስቅ ነበር። አሁን ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ሊያስቁ እንዳልተናገሩት ድምፃቸው ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ለዛሬ በቃዎት» አለች ሲምቦ።

ክፍሌ ወደ መስመሩ ተጠጋ። «እንዴ ሲምቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ነው፤ ትልቅ ሰው ናቸው…» ኢያሱም መጣ። አጠገቧ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተይው ሲምቦ፣ በሰው ፊት አይሆንም» አላት። ከጠዋት ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«አፈሙዙም የዞረው በሰው ፊት ነው» አለችው። አልጮኸችም። ባሏን እያየች ሽጉጡን ከፈተች፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገባች፣ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ጋሼ ሐብተማርያም ጥይቷን እያዩ ነበር። የጆሮ መከላከያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት አስቀመጡና ወደ መኪናው ሄዱ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ ከዚያ የመኪና በር።

የሚቀጥለው ተራ መጀመር ነበረበት። ሲምቦ ይህን አውቃ ነው የጀመረችው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ከቀረ ቀኑ የተግሣጽ ቀን ሆኖ ያልፋል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ ናቸው። «ቀጣዮቹ አራት ሰዎች ወደ መስመሩ!» አለች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። ቀስ በቀስ ሰዉ ተፍታታ። አንዱ ሲስት ሌላው ያበሽቀዋል፤ አንዷ ስትመታ እልል ይባላል። ልዩነቱ አንድ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ሰው ካዝናውን ካወጣ በኋላ ውስጡን ሁለት ጊዜ ያያል፣ ከዚያም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳየዋል። ክፍሌ የራሱን ሦስት ጊዜ አየ።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ሆነ። ሲምቦ ጥይቱ እጅ ላይ በሚተወው መርዛማ እርሳስ የተነሳ ማንም ሳይታጠብ እንዳይበላ ስላዘዘች መቅሊት ከባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ እየቀዳች ታስታጥባለች፤ ሽማግሌዎቹ ደንቡን ከሁሉም የወደዱት እዚህ ላይ ነበር። ጥብሱ ቀረበ፣ ቃሪያው ተሰነገ። ሊዲያ ግን አልበላችም፤ የአንድ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ፊቷን ወደ ታች ገልብጣ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ሲምቦ አንድ ሳህን ሞልታ፣ የውኃ ጠርሙስ በብብቷ ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።

ጋሼ ሐብተማርያም ከፊት ወንበር ላይ እጆቻቸውን ጉልበቶቻቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ውስጡ ይሞቃል። በሩን ከፍታ በሹፌሩ ቦታ ገባች። ሳህኑን ተቀበሏትና ከፊታቸው፣ መስተዋቱ ሥር አኖሩት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዝም መባባል የተለመደ ነው፤ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲፋታ፣ ልጅ ትምህርት ሲያቋርጥ ዝም ይባላል፤ ሲምቦ አግብታ ከገባች ጀምሮ ማን ቀድሞ እንደሚናገር አውቃ አታውቅም። ዛሬ እሳቸው ተናገሩ።

«እንዴት ረሳሁት? ካዝናው ወጥቶ እንኳ አንዷ ውስጥ እንደምትቀር ለስንት ምልምል አስተምሬያለሁ።»

«ሰው ይረሳል ጋሼ። ለዚህ ነው ደንቡ።»

«ስዞር… ከኋላዬ እነማን ነበሩ?»

ሲምቦ ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። በሆስፒታሉ ኮሪደር እንዲህ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ ከሚጠይቁት ደግሞ ግማሹ እውነቱን አይፈልግም። ፊታቸውን አየች። እሳቸው ይፈልጋሉ።

«ክፍሌ። ጋሽ ኣንዶም።»

«ሌላስ?»

«ሊዲያ።»

«አፈሙዙ የት ጋ ነበር ያረፈባት?»

ሲምቦ ጣቷን አንስታ የራሷን ደረት፣ ከአንገቷ አጥንት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ነካች። ጋሼ ሐብተማርያም ያን ቦታ አዩና ዓይናቸውን ወደ ጥዶቹ መለሱ። ሲምቦ አላጽናናቻቸውም፤ «ምንም አልሆነም» አላለችም፤ ከእሳቸው ጋር ብቻ ተቀመጠች። ከወደ ዳሱ የመቅሊት ሳቅ ይሰማል። ጥብሱ ላይ ያለው ስብ ረጋ። ከዚያ ጋሼ ሐብተማርያም በሩን ከፈቱ።

ሲመጡ ያዩዋቸው ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ክፍሌ ወንበር ሊሰጣቸው ብድግ አለ፤ በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። በቀጥታ ፒክአፑ ጋ ሄዱ። ሊዲያ አባቷ ሲቀርቡ ስልኩን አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ እንደምትደበቅ ነገር።

«ሊዲያ፣ ዛሬ ሽጉጤን ባንቺ ላይ አዞርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሲምቦ ከዚያ በፊት ጋሼ ሐብተማርያም ለማንም፣ ያውም ለልጅ፣ በአደባባይ ይቅርታ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ኢያሱም አልሰማም፤ አፉ ላይ ያለውን ጉርሻ ማኘክ አቁሟል። ሊዲያ ሁሉም እንደሚያያት አውቃ ፊቷ ጋለ።

«ኢትስ ኦኬ፣ ዳድ።»

«ኦኬ አይደለም።» አንድ እርምጃ ቀረቧት። «ኦኬ አይደለም ልጄ። ሳላይ ባዶ ነው አልኩ። አንዲት ሰው እጄን ባትይዘው ዛሬ…»

ሊዲያ ከፒክአፑ ላይ ወረደች። ጫማዋን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ በዚያ በምትቆጥበው፣ ቃል እየፈለገች በምትናገረው አማርኛ «ፈርቼ ነበር» አለች። «አንተ ስትዞር… በጣም ፈርቼ ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ላንተ አዘነ። ለእኔ ማንም አልጠየቀኝም።»

ይህኛው ለሁሉም ነበር። ሲምቦም ራሷን ጠየቀች፤ ሽጉጡን ቆለፈች፣ መስመሩን አስቀጠለች፣ ወደ መኪናው ሳህን ይዛ ሄደች፤ ወደ ልጅቱ ግን አልሄደችም። ጋሼ ሐብተማርያም ልጃቸውን አንገቷን አቅፈው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አቶ ኣንዶም ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ሲምቦም ሄዳ ከሊዲያ ጎን ቆመች፣ እጇንም ያዘቻት። «ልክ ነሽ» አለቻት። «መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።» መቅሊት ውኃ ይዛ መጣች፤ ለሁለቱም አስታጠበቻቸው፤ አባትና ልጅ ከአንድ ሳህን በሉ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ሐብተማርያም ሲምቦ ጋ መጡ። «አልተኩስም፣ እሱ አልቋል» አሉ። «ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ሥራ ስጪኝ።» ሲምቦ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቀዩን ባንዲራ ሰጠቻቸው። ሰው ወረቀቱን ለመቀየር ወደ ኢላማው ሲሄድ ባንዲራው ይነሳል፤ ባንዲራው እስከተነሳ ድረስ ማንም ቢጫውን መስመር አያልፍም፣ መሣሪያ አይነካም። ሥራው ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አደራ ሜዳው ላይ የለም። ተቀብለው ጨርቁን በእጃቸው አስተካከሉ፣ እንደ ዱላው ቀጥ ብለው ቆሙ። የመጀመሪያው ተራ አልቆ ሰዎቹ ወደ ኢላማው ሲራመዱ ክፍሌ ረስቶ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ሲል «ክፍሌ! እጅህ!» ያሉት ድምፅ በጥዶቹ መካከል አስተጋባ። ክፍሌ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ ኋላ ዘለለ፤ አቶ ኣንዶም ከሳቃቸው የተነሳ ግንድ ይዘው ቆሙ። «ተማረክ ክፍሌ፣ ተማረክ! ይህ ሰውዬ ምርኮኛ አይገድልም፣ እኔ ምስክር ነኝ!» አሉ። ጋሼ ሐብተማርያምም ሳቁ፤ ክንዳቸውን ሳያወርዱ ነበር የሳቁት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሊዲያ መጣች። «ካን አይ ትራይ?» ብላ ጀመረችና አባቷን አይታ «እኔም ልሞክር?» አለች። ሲምቦ ሃያ ሁለቱ ላይ አስቀመጠቻት። ትምህርቱ አንድ ነበር፣ ለመቅሊት ያለችውን ነው የደገመችላት፤ ግን ልጅቱ ከመቅሊት ይልቅ ረጋ ያለች ሆና አገኘቻት። ሦስቱን ሳተች፤ አፈሩ ላይ አቧራ ብን ብን አለ። አራተኛው የወረቀቱን ጥግ ቀደደ። አምስተኛው ክቡ ውስጥ ገባ። ከኋላ የተነሳው እልልታ የመቅሊትን ጊዜ በለጠ። ሲምቦ ግን ዞር ብላ ያየችው ጋሼ ሐብተማርያምን ነበር። ኢላማውን አላዩም። የልጃቸውን ጣት ነበር የሚያዩት፤ ከምላጩ ወጥቶ በጠመንጃው ጎን ቀጥ ብሎ እስኪያርፍ።

ሊዲያ ጠመንጃውን ከፍታ አስቀመጠች። ሌሎቹም እንደዚያው። ሲምቦ በየጠረጴዛው አልፋ እያንዳንዱን በጣቷ ነክታ አየች።

«ሲምቦ፣» አሉ ጋሼ ሐብተማርያም ከዳሱ ጫፍ፣ «ላንሳ?»

ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ኢያሱም ይጠብቃል፤ ጠዋት የወተቱን ካርቶን ያነበበበት ፊት አልነበረም፤ ሚስቱን ነበር የሚያየው።

«ያንሱ ጋሼ።»

ባንዲራው ተነሳ። ሰዉ እየተሳሳቀ፣ የማን ቀዳዳ የማን እንደሆነ ከወዲሁ እየተከራከረ ወደ አፈሩ ሄደ። ሊዲያ ቀዳዳዋን በጣቷ እየለካች፣ ለአቶ ኣንዶም እያሳየች ቆየች፤ ሌሎቹ ተመልሰው እንኳ እሷ ገና እዚያው ነበረች። የጋሼ ሐብተማርያም ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክፍሌ «አምጡ፣ ልያዝልዎ» ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሌላው እጃቸው ክርናቸውን ደገፍ አድርገው፣ ልጃቸው ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች ቢጫውን መስመር እስክትሻገር ድረስ አላወረዱትም።